የቦድናሮች አቀባበር

ይድረስ ለአማቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? የፍሎሪዳ ሙቀት ለጉልበትዎ ተስማማው? እዚያ የሄደ ሁሉ መገጣጠሚያው ተፍታታ እየተባለ ይወራልና፣ እርስዎም ያለ ከዘራ ብድግ ማለት ጀምረው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያዬ አያፈስም፣ ምድጃዬ ይነድዳል፣ ወገቤም ዘንድሮ ምሮኛል። እንዲያውም እንደ ሰሞኑ ደህና የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል።

ደብዳቤ ጽፌልዎ አላውቅም። እርስዎም ለእኔ ጽፈው አያውቁም፤ ጌዛ ሲሞት እንኳ የባሌን ቀብር ሰዓት የሰማሁት ከዳቦ ሻጩ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ስለዚህ ጸሎተኛ መስዬ አልጀምርም። ቂም ይዤ ነው የምጽፈው፤ ይህን ከወዲሁ ካወቁልኝ ሁለታችንም እናርፋለን።

የሀንጋሪዎች መካነ መቃብር መስመጡን ልጅዎ ኢሎና ነግራዎታለች። የእኛ ከተማ ሰው በዚህ አይደነቅም። አባቶቻችን ባሕር ተሻግረው መጥተው ከሰሉን ቆፍረው አወጡና ባዶውን ከእግራችን ሥር ትተውልን ሄዱ። በበጋ የፖስታ ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ መቃብሩ በታችኛው በኩል ጎደጎደ፤ የእናንተ ረድፍ ያለበት በኩል ማለት ነው። የአውራጃው ሰዎች መጥተው አዩና ሙታኑ ይነሡ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሰው ያቁም፣ ወደፈለገበትም ይውሰዳቸው ብለው ወሰኑ።

ኢሎና ደወለችልኝ። ያን ሁሉ ዘመን ጠፍታ ድምፅዋን ስሰማ ክው አልኩ። “እማዬ መንቀሳቀስ አትችልም፣ እኔም ሥራዬን ጥዬ መምጣት አልችልም። አንቺ እዚያው ነሽ፣ በእናትሽ ቁሚልን” አለችኝ። ወዴት ላድርጋቸው ብላት፣ “እኔ ምን አውቄ! ደረቅ መሬት ይሁን እንጂ የመሰለሽን አድርጊ” አለችና ለአያቷና ለአባቷ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ላከችልኝ። ለጌዛ ግን የማንም ፈቃድ አላስፈለገኝም። ከቤትዎ ያስወጡኝ ጊዜ “በእኔ ቤት ፍቺ የሚባል ኃጢአት አይገባም” ብለው ልጅዎን እንዳይፈታኝ ከልክለውት አልነበረም? እንግዲያው በሕግም በቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ ሚስቱ እኔ ነኝ። ይህ እንደሚመጣ አንድ ቀን እንኳ አስበውት ያውቃሉ?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ረስተው ከሆነ ላስታውስዎ።

ጌዛ ሲያገባኝ ያሉትን አልረሳሁም። “ከዚህ ሁሉ የሀንጋሪ ሴት መርጠህ ከተራራ የወረደች የሩሲን እረኛ ልጅ?” አሉት፣ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እየሰማሁ። ጎመን ጥቅልል ስሠራ ፓፕሪካውን አሳነስሽ ብለው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ለማኅበርዎ ሴቶች “እነሱ አገር ቅመም የሚያውቀው በጉ ብቻ ነው” ብለው አሳቁብኝ። ያንን ቻልኩት። ምራት ሆኖ ያልተሰደበ የለም። ባልዎ ፌሬንትስ ሳህኑን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡና ጨርሰው በሉልኝ፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ከዚያ ቤት ደግ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ከዚያ ዩስቲና ተወለደች። ታማ ስለነበር ጥምቀቷ በጥድፊያ ሆነ፤ ቅርብ የተገኙት ደግሞ የእኛ ቄስ አባ ሚኮላ ነበሩ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ጌዛ ሳጥኗን ራሱ ሠራ፤ በአንድ ክንድ የምትያዝ ነበረች። አባቱ ጎን ሊያስተኛት ወደ ሀንጋሪዎች መቃብር ይዘናት ስንመጣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን፣ ጥቁር ካፖርትዎን እስከ አገጭዎ ቆልፈው። ያሉትን ቃል በቃል ልጻፈው? “ቦድናር የጥንት የሀንጋሪ ስም ነው። ከባሌ አባት ከኢሽትቫን ቦድናር ረድፍ የሚተኛ ሀንጋሪ ነው። የእረኛ ዘር እዚህ አላስገባም። ስሙን ስለያዘች ቦድናር ትሆናለች እንዴ?” ሳጥኑን ሊያግዙን የመጡ የማዕድን ሰዎች ባርኔጣቸውን እንደያዙ ሰሙ። ጌዛ አልተነፈሰም። ለእሱ ያስቀመጥኩት ነገር አለኝ፣ ስንገናኝ እነግረዋለሁ። ብቻ ዞርን። ወደ ሩሲኖች ኮረብታ ይዘናት ወጣንና፣ መሬቱ ግግር ስለነበር እሳት አንድደንበት ቆፍረን ከአባቴ ጎን ቀበርናት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ስም እንቅልፍ ነሣኝ። ቦድናር የማን ነው? የሀንጋሪ አለመሆኑን ባረጋግጥ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያናችሁ ደጅ ቆሜ ልነግርዎ ነበር ሐሳቤ። ለእውቀት ፈለግሁ ብዬ አልዋሽም።

ጠየቅሁ። ስሎቫኩ ፀጉር አስተካካይ ኦንድሬይ ምላጩን በሰው አንገት ላይ እንደያዘ “ቦድናር? የእኛ ነዋ! የአያቴ መንደር ግማሹ ቦድናር ነው” አለኝ። የዩክሬኖች አዳራሽ ጸሐፊ ይህን ስነግረው ሳቁ አላስቆመው አለ፤ “ስሎቫክ ደግሞ ስም መቼ ነበረው? ከእኛ ተውሶ ነው” አለ። ጫማ ሰፊው ሩማንያዊ “እኛ አገር ቦድናር እንደ ጎመን ነው፤ ከፈለግሽ ጥቂት ውሰጂ” ብሎ ቀለደብኝ። አይሁዱ የጨርቅ ነጋዴ ሳይቀር “የእናቴ ወንድም ቦድናር ነበር። ደግሞ ዘመድ ነኝ ብለሽ ዋጋ ቀንስልኝ እንዳትዪኝ” አለኝ።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቦድናር ማለት በርሜል ሠሪ ነው። በአባቶቻችን አገር ተራሮች ዙሪያ ደግሞ በርሜል የማይሠራ ሕዝብ የለም፤ ጎመን የሚያኮመጥጥ ሁሉ በርሜል ይሻል። አባቶቻችን የመጡበትን የመርከብ መዝገብ አገላብጬ ነበር። እዚያ ላይ ሁሉም ከሀንጋሪ መጣ ነው የሚለው፤ ያኔ ተራራውም እረኛውም በጉም በሀንጋሪ ንጉሥ ሥር ነበሩና። ጨርሶ ሲጨንቀኝ አባ ሚኮላ ዘንድ ሄድኩ። “ልጄ፣ ስም መንገደኛ ነው፣ በመሸበት ያድራል። ሰውን በስሙ አትፈልጊው” አሉኝ። አባ አልገባቸውም፤ እኔ የምፈልገው ሰው ሳይሆን እርስዎን ነበር።

ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ተውኩት። ጌዛ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በከሰል አቧራ ሳንባው አልቆ ሞተ፤ ቀብሩን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁ። ከአባቱ አርቀው በረድፉ ጫፍ ሲያስቆፍሩለት ገርሞኝ ነበር። መሐሉ ላይ እኮ ቦታ ሞልቶ ነበር።

እንግዲህ ያለፈው ሳምንት መጣ። የሙታን አንሺዎቹ አለቃ ሚስተር ዴሊ የሚባል፣ ትንባሆ የሚያኝክ አየርላንዳዊ ነው። መጀመሪያ ትልቁን ድንጋይ ነቀሉት፤ ያንን የመኳንንት ጋሻ ያስቀረጹበትን። ከዚያ ሽማግሌውን ኢሽትቫንን ቆፈሩ። ሳጥኑ በስብሶ አልቋል። ራስ ይወጣል ብለው በጠበቁበት፣ ልክ ከድንጋዩ ሥር፣ ጫማ ወጣ። የጫማው ቆዳ እንኳ ገና አልፈረሰም። ሚስተር ዴሊ ባርኔጣውን አወለቀና “ወይዘሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰውዬውን ገልብጠው ነው የቀበሩት። ቀባሪዎቹ ጠጥተው ነበር መሰለኝ” አለኝ።

እኔ ግን የተነቀለው ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ፣ ስጽፈው ደስ ስለሚለኝ። እናንተ ድንጋዩን ከራስጌ ታቆማላችሁ። እኛ ሩሲኖች መስቀሉን ከግርጌ ነው የምናቆመው። ሙቱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደርጋል፤ የመጨረሻው ቀን መጥቶ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው መስቀሉን እንዲሆን ነው። መሬቱ ከተደፈነ በኋላ ከላይ የሚያይ ሰው አይለየውም። ኢሽትቫን ቦድናርን የቀበሯቸው የገዛ ሰዎቻቸው ናቸው፤ ከእግራቸው በኩል የእንጨት መስቀል ተከሉላቸው። እርስዎ በኋላ ያንን እንጨት አስነቅለው ጋሻውን በቦታው አቆሙት። ይኸው በየዓመቱ ራስጌ ብለው አበባ የሚያኖሩት በሩሲን እግር ላይ ነበር ማለት ነው። ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በተከፈተ መቃብር አፍ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያለ ሰው አፉ ማር ይብላ አልኩ።

ሳቄ ግን አልቆየም። ቀጥለው ባልዎን ፌሬንትስን ከፈቱ። እሳቸውም ጫማቸው ከድንጋዩ ሥር ነው። ራሳቸው በወዲያኛው ጫፍ። ሚስተር ዴሊ ትንባሆውን ተፋና “ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው!” አለ።

ኢሽትቫን ሲቀበሩ እርስዎ ገና ከዚያ ቤት አልገቡም። የፌሬንትስን ቀብር ግን ከጧፍ እስከ ገመድ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። እኔም አጠገብዎ ነበርኩ። ሳጥኑ ከመውረዱ በፊት ቀባሪዎቹን ጠጋ ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው፤ እነሱም ተያይተው ሳጥኑን አዞሩት። ያኔ ገመዱ ጠምሞባቸው ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር! ፌሬንትስ በዚያ በመጨረሻው ሕመማቸው እጅዎን ይዘው “እንደ አባቴ አስተኚኝ” ብለውዎት ይሆናል፤ ከዚህ ሌላ ሊሆን የሚችል ነገር አይታየኝም። እርስዎም ከተማው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ማንም ሳያይብዎ ፈጸሙላቸው። ይህን ሳስበው በጣም ነው የተናደድኩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልብ የሌለዎት ሴት ነዎት ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ልብ ከሌለው ሰው ምን ይጠበቃል? ለካ ልብ ነበረዎት። ለባልዎ ሲሉ ያን ያህል ደፍረዋል። ባሌ ቢለምነኝ እኔስ እንዲህ አደርግለት ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ለራሴ ይዤዋለሁ።

እንግዲያው ያን ቀን በሩ ላይ ቆመው ልጄን ሲመልሷት፣ ከኋላዎ ባልዎ እንደ ሩሲን ተኝተው እንደነበር እያወቁ ነው የመለሷት። ጠልተዋት እንኳ አይደለም። ለእሷ ጉድጓድ ሲቆፈር ጎኗ የተኙት የባልዎ እግር ብቅ እንዳይል ነው የፈሩት። ጌዛንም ከአባቱ ያራቁት ለዚሁ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት የጌዛ ራስ ከድንጋዩ ሥር ነበር፤ እሱን እንደ ሀንጋሪ አስተኙት፣ ለሰው ዓይን። የሙታን ትንሣኤ ቢመጣ አንድ ወንድ ልጅዎ ለአባቱና ለአያቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚነሣው። ለስም ብላ ይህን የምታደርግ እናት እኔ አላየሁም።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርዎ። ሦስቱንም ወደ ሩሲኖች ኮረብታ አወጣኋቸው። ደረቅ መሬት ነው፣ ኢሎና እንዳዘዘችው። አባ ሚኮላ ማርጀታቸው ለጉድ ነው፣ ተደግፈው ነው የመጡት። “እነዚህ የማን ናቸው?” ሲሉኝ “የእኛ ናቸው” አልኳቸው፤ ሌላ አልጠየቁም፣ መጽሐፋቸውን ገለጡ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። ኦንድሬይ ሱቁን ዘግቶ መጣ። የማኅበርዎ ሴቶችም መጡ፣ እነዚያ በፓፕሪካዬ ይስቁብኝ የነበሩት። ሚስተር ዴሊ ወሬኛ ስለሆነ ማን በየት በኩል ተኝቶ እንደተገኘ ሁሉም ሰምተዋል። ከእነሱ አንዷ ቴሬዝ “ስንት ዘመን በዚህ ስም ቁጭ ብድግ ስታደርገን ኖረች!” ብላ አፏን በመሐረብ ያዘች። እንዳትነግሪብኝ ብላኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩባት።

ኢሽትቫንና ፌሬንትስን ጎን ለጎን፣ እንደነበሩ አስተኛኋቸው። ጌዛን አዞርኩት። ከዩስቲና አጠገብ ነው። ሳጥኑ ሲወርድ ያን በሩ ላይ የተዋጠ ምላሱን አስቤ ልረግመው ነበር፤ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። እርስዎ ልጄን ወደ እነሱ አላስገባም አሉ። እኔ እነሱን ወደ ልጄ አመጣኋቸው። ጋሻ የተቀረጸበት ድንጋይ ታች ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። ሚስተር ዴሊ “ይጫን ወይ?” ብሎኝ ነበር፤ “እሱን ተወው፣ እሱ ሀንጋሪ ነው” አልኩት።

የቀሩት እርስዎ ነዎት። ከፌሬንትስ በስተግራ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አለ። መሬቱ የአባቴ ነበር፣ አሁን የእኔ ነው፤ እኔ ሳልፈቅድ አካፋ አያርፍበትም። የሀንጋሪዎቹን መቃብር አጥር አጥረውበታል፣ ከእንግዲህ ማንም አይቀበርበትም። ፍሎሪዳ ከማያውቁት ሰው ጎን፣ አሸዋ ውስጥ መተኛትም ይችላሉ፤ ያ የእርስዎ ፈንታ ነው። ባልዎና ልጅዎ ግን እዚህ ናቸው።

በር ላይ ቆሜ አልመልስዎትም። ይቅርታም አልጠይቅዎትም፤ እሱን ለቄስዎ ያቆዩት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ዓይንዎ ማንበብ እንደከለከለዎት ሰምቻለሁ፤ ይህን ሁሉ ከላይ ጀምሮ እያነበበችልዎ ያለችው ኢሎና ናት። ኢሎናዬ፣ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ፣ የእናትሽ ጆሮም ደክሟል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሲመጡ ራስዎን በየት በኩል ላድርገው? እንደ ሀንጋሪ ይሁን ካሉ እንደዚያው አደርጋለሁ፤ ያኔ ፌሬንትስ ሲነሡ ሚስታቸው ጀርባዋን ሰጥታቸው ነው የምትነሣው። እንደ እሳቸው ይሁን ካሉ ደግሞ፣ በቀባሪ ጆሮ ሹክ የሚባል ትእዛዝ እኔ አልቀበልም። አሁን፣ እዚያው በተቀመጡበት፣ ለልጅዎ በአፍዎ ይንገሯት። እሷ ትጻፍልኝ።

እስከዚያው እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ፣ በደንብ አስበው የሚመልሱበት ረጅም ዕድሜ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ከሁሉም በላይ አእምሮዎን ይጠብቅልዎ፤ አንዲቷም ነገር እንዳትረሳዎት። ልጅዎም ከአጠገብዎ አትራቅ።

እንዳትፈታ የከለከሏት ምራትዎ፣
የዩስቲና ቦድናር እናት